ጨው የነካው ፌስታል

እናቴ ከአንድ ላም በላይ ኖሯት አያውቅም። ቄስ የነበረው አባቴ ሲሞት የተወላት ቁራሽ መሬት፣ ሁለት ክፍል ቤትና አንዲት ቡሬ ላም ነበር። ቤቷ ከላሊበላ ከተማ በታች፣ ወደ ገነተ ማርያም በሚወስደው መንገድ በኩል ካለች መንደር ነው። እኔ ደግሞ ከተማው ውስጥ፣ ከገበያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ ነበረችኝ። ጨው፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙናና ክብሪት እሸጥ ነበር። ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት ከገባ ዓመታት አልፈዋል፤ ከወልዲያ የሚመጣው የጭነት መኪና በዝቷል፤ ፈረንጁም የውሃ ፕላስቲኩን በየመንገዱ እየጣለ መውጣት መውረዱን ለምዶታል።

ፌስታል መጀመሪያ ሲመጣ ማንም ቆሻሻ ነው ብሎ አላሰበም፤ ንብረት ነበር። ወፍራም፣ ጠንካራ፣ እጀታው የማይበጠስ። እናቴ ያገኘችውን ሁሉ አጥባ አጥሩ ላይ ታሰጣና ሲደርቅ አጥፋ ከፍራሹ ሥር ታስቀምጥ ነበር። ቤተ ክርስቲያን መገበሪያ ስትወስድ እንኳ ከሁሉ ንጹሑን መርጣ በሱ ትቋጥር ነበር። ቀጭኑ ጥቁር ፌስታል የመጣው በኋላ ነው። ቤት ሳይደርሱ የሚቀደድ፣ ታጥቦ የማይመለስ፣ ነፋስ ካገኘው ዛፍ ላይ የሚሰቀል። እኔ ነኝ ያመጣሁት። እኔ ብቻ አልነበርኩም፤ ግን እኔም ነኝ። በእስር በእስር አስመጥቼ ሱቄ በር ላይ ከምስማር አንጠልጥዬ ለአንድ ክብሪት ሳይቀር እየበጠስኩ እሰጥ ነበር። ደንበኛ ያከበርኩ ይመስለኝ ነበር።

ጨው የምሸጠው በጣሳ እየሰፈርኩ ነው። ገዢዎቼ አብዛኞቹ ከገጠር የሚመጡ ናቸውና መንገድ ላይ እንዳይደፋባቸው ፌስታሉን ጠምዝዤ፣ አጥፌ፣ ሁለት ጊዜ አጥብቄ እቋጥረው ነበር። ሴቶቹ «ይሄን ቋጠሮሽን በምን እንፍታው?» እያሉ ያማርሩ ነበር። አይፈቱትም። ከጎን ይቀዱና ጨውን ገልብጠው ፌስታሉን ከነቋጠሮው ይጥሉታል። ለእናቴም በየቅዳሜው ጨው በዚያው ቋጠሮ እልክላት ነበር።

አንድ ዓመት፣ በዓቢይ ጾም መካከል፣ ላሟ አላመነዥክም አለች። በጋው ከሮ፣ ሣሩ ጠፍቶ፣ ከብቱ የከተማውን ጥግ ጥግ የሚለቃቅምበት ጊዜ ነበር። እናቴ መልእክት ላከችብኝና ሱቄን ዘግቼ ወረድኩ። ላሟ ግድግዳው ሥር ተኝታለች፤ ግራ ጎኗ ተነፍቷል፤ ዓይኗ ፈዟል። ከወረዳ የእንስሳት ሐኪም ለምኜ አመጣሁ። መድኃኒት በጠርሙስ አጠጣት፤ ሆዷን በጡጫው ገፋ ገፋ አደረገና ራሱን ነቀነቀ። «አንድ ነገር ዘግቷታል» አለ፤ «ከዚህ ወዲያ የኔ እጅ የሚሠራው የለም።»

በሦስተኛው ቀን ሞተች። ጾም ባይሆን ሳትሞት ታርዳ ሥጋዋ እንኳ ለጎረቤት በተከፋፈለ ነበር። እናቴ ጎረቤቷ የሆነውን ገበሬ ቆዳዋን እንዲገፍላት ለመነችው። እሱም ቆዳውን ገፎ ሲጨርስ፣ ምን እንደገደላት ልየው ብሎ ሆዷን ቀደደ።

«እመት፣ ኑማ ይመልከቱ!» ብሎ ተጣራ።

ሁለታችንም ሄድን። ሰውዬው በሁለት እጁ እየጎተተ ነበር። የሚወጣው ነገር አያልቅም። እንደ ገመድ የተገመደ፣ እንደ እርጥብ ጨርቅ የተጨመቀ፣ ጥቁርም ሰማያዊም የሆነ የፌስታል ክምር ነው። በመካከሉ የማዳበሪያ ጆንያ ክርና የጫማ ሶል ቁራጭ አለበት። ሽታው አፍንጫ ይሰብራል። ሰውዬው በእንጨት በታተነውና «ከብት ጨው ይወዳል እኮ» አለ። «ጨው የነካውን ፌስታል ካገኘ አይምርም፤ ይልሰው ይልሰውና ይውጠዋል።»

ያን ጊዜ ነው ቋጠሮዎቹን ያየኋቸው። ተጠምዝዘው፣ ታጥፈው፣ ሁለት ጊዜ የጠበቁ። ሆዷ ውስጥ ያን ሁሉ ጊዜ ቆይተው አልተፈቱም። በእጄ አንስቼ ቆጠርኳቸው፤ ከአሥር በኋላ መቁጠሩን ተውኩት። እናቴም አይታቸዋለች። የኔን ቋጠሮ ከማንም በላይ ታውቀዋለች። አፏን በነጠላዋ ይዛ ቆማ ነበር።

«እማ» አልኳት።

«አንቺ ምን ታውቂ ነበር ልጄ» አለች። «እኔስ? ከምድጃው ሥር አንስቼ ደጅ የጣልኩት እኔ አይደለሁ?»

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ብትሰድበኝ፣ ብትረግመኝ ደስ ባለኝ። እሷ ግን ውሃ ቀድታ ለሰውዬው እጅ ማስታጠብ ጀመረች። በዚያ ቀን የያዘኝ ንዴት ይኸው ስንት ዓመቱ፣ አሁን ስጽፈው እንኳ አልበረደም። መጀመሪያ በራሴ ተናደድኩ። ከዚያ ግን ወደ ከተማ ስወጣ ዓይኔ ያረፈበት ነገር ሁሉ ያናድደኝ ጀመር። ከእናቴ መንደር በላይ ያለው ገደል አፉ ድረስ በፌስታል፣ በውሃ ፕላስቲክና በአሮጌ ጫማ ተሞልቷል። እናቴ ዘንድ በወረድኩ ቁጥር በዚያ በኩል አልፋለሁ፤ ግን አይቼው አላውቅም ነበር። ከብቱ እዚያ ውስጥ ገብቶ ይለቅማል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ጎርፉ ጠራርጎ የመንደሩ ምንጭ ላይ ያወርደዋል።

ያንን ከላሟ ሆድ የወጣውን ጉድ አልጣልኩትም። አጥቤ፣ አድርቄ፣ በጆንያ አስቀመጥኩት። እናቴ «ምን ያደርግልሻል?» ስትለኝ የጆንያውን አፍ ጠምዝዤ ቋጠርኩት።

ከፋሲካ በኋላ ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። ከላይ እንግዶች ሊመጡ ነው ተብሎ ሳምንቱን ሙሉ የጽዳት ዘመቻ ስንወጣ ሰንብተናል። እኔም ጠርጌያለሁ። የጠረግነውን ጋሪ እየጫነ እዚያው ገደል ሲገለብጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ስብሰባው የተጠራው ዘመቻው በድል መጠናቀቁን ለመንገር ነው። ጆንያዬን ተሸክሜ ሄድኩና ከኋላ ተቀመጥኩ። ከፊት ያለው ጠረጴዛ ላስቲክ ለብሷል፤ ላዩ ላይ የፕላስቲክ አበባና የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። ሊቀመንበሩ ረጅም ሪፖርት አነበበ። ጥያቄ ያለው ሲባል ተነሳሁ።

«የጠረግነው ቆሻሻ የት ሄደ?» አልኩ።

«እንዴት የት ሄደ? ተወገደ።»

«የት ተወገደ?»

«ከከተማው ውጭ ነዋ።»

«ከከተማው ውጭ እናቴ አለች» አልኩት።

አንዳንዱ ሳቀ። ሊቀመንበሩም ፈገግ አለ። «እህት፣ አጀንዳችን ልማት ነው። የግል ጉዳይ ካለሽ ቢሮ ነይ።»

ጆንያውን አንስቼ ወደፊት ሄድኩና በአበባው አጠገብ ገለበጥኩት። ደርቆ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ስለነበር ጠረጴዛውን መታው፤ አንዱ የውሃ ፕላስቲክ ተንከባሎ ወደቀ። ጸሐፊው ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ።

«ይሄ ምንድን ነው? አንሺው ይሄን ቆሻሻ!» ብሎ ጮኸ ሊቀመንበሩ።

«ከናቴ ላም ሆድ የወጣ ነው። ግማሹን የሸጥኩት እኔ ነኝ፤ በቋጠሮው አውቀዋለሁ። ገደል የጣላችሁት ግን እናንተ ናችሁ። ተወገደ አላችሁ፤ ይኸው አልተወገደም!»

አለቀስኩ፤ ማልቀሴም አናደደኝ። ሊቀመንበሩ ይህ የፀረ ልማት አስተሳሰብ ነው፣ የእንግዶቹን አቀባበል ለማበላሸት ታስቦ ነው ምናምን ማለት ጀመረ። «ለአንዲት ላም!» አለ። እዚያ ካሉት ሰዎች አብዛኛዎቹ ደንበኞቼ ናቸው፤ ሁሉም ጣራ ጣራ ያያል። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ቄስ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«ልጅቷ ያለችው እውነት ነው» አሉ። «የኔም ሁለት በጎች እንዲሁ ነው የሞቱብኝ። ሰው ይስቅብኛል ብዬ ዝም አልኩ።»

ሊቀመንበሩ «አባ፣ ይቀመጡ፤ በሌላ ጊዜ እናየዋለን» አላቸው። ከዚያ አስጨበጨበና ስብሰባው አለቀ።

በማግስቱ ፌስታሉን ከሱቄ በር ላይ አወረድኩ። ዕቃ ይዞ ላልመጣ አልሸጥም አልኩ። ዘይት በጠርሙስ፣ ስኳር በጣሳ፣ ጨው በጨርቅ። ምክንያቱን ሳይነግሩኝ የቀሩ ሰዎች አሉ፤ ዝም ብለው ጎን ካለው ሱቅ መግዛት ጀመሩ። ባለሱቁም ይባስ ብሎ ፌስታል እየደረበ ይሰጣቸው ነበር። አንዷን የከተማ ሴት «የነጠላሽ ጫፍ የት ሄደ? እናትሽ በሱ አይደል ጨው የምትቋጥረው?» ብላት «እኔ ገጠሬ ነኝ እንዴ?» ብላ የሰፈርኩትን ጨው ባንኮኒው ላይ ገፍታልኝ ሄደች። ችግሩ ያለው እዚህ ጋ እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። ዘንቢል ይዞ መውጣት የድሃ ነገር ሆኖ ነበር፤ ፌስታል ማንጠልጠል ግን መሠልጠን።

ንዴት ሁልጊዜ ወደሚገባው ሰው አይሄድም። አንድ ቅዳሜ ልጅ ያዘለች ሴት ከሩቅ ገጠር መጣች። እግሯ እስከ ጉልበቷ አቧራ ለብሷል። ጨው ብላ እጇን ዘረጋች፤ መያዣ የላትም፤ ነጠላዋ በልጁ ሽንት ርሷል። እኔ ጠዋት ከአንዱ ጋር ተጨቃጭቄ ደሜ ፈልቶ ነበርና «መያዣ የሌለው ለምን ገበያ ይወጣል!» ብዬ ጮህኩባት። አንገቷን ደፍታ ሄደች። ከሌላ ሱቅ ትግዛ አትግዛ አላውቅም። ያቺ ሴት የናቴን ላም አልገደለችም።

በሚቀጥለው ሳምንት አቡጀዲ ገዝቼ ትንንሽ ከረጢት ሰፋሁ፤ አፉ ላይ ማሰሪያ አደረግሁለት። ለሌለው አውሳለሁ፤ ሲመለስ ይመልስልኛል። ስንቱ ሳይመለስ ቀረ! የመለሱትም ግን ነበሩ፤ አጥበው፣ አጥፈው፣ አንዳንዶቹ ሲቀደድ ጥፈው ጭምር። ሽማግሌው ቄስ አንዱን ወስደው ከዚያ ወዲያ ሌላ አልጠየቁኝም፤ እስኪነትብ ድረስ ይዘውት ይመጡ ነበር። ቤቴ ውስጥም የሚጣለውን መለየት ጀመርኩ። ልጣጩና ትርፍራፊው ለጎረቤት በግ፣ አመዱ ለጓሮ ጎመን። ፕላስቲኩን መጀመሪያ አቃጠልኩት፤ ጭሱ ትንሹን ልጄን ሌሊቱን ሙሉ ሲያስለው አደረ፤ ሁለተኛ አልሞከርኩትም። ያለው መላ እቤት አለማስገባት ብቻ ሆኖ አገኘሁት።

ቀበሌው «በሌላ ጊዜ» ያለውን ስንጠብቅ በጋው ተመልሶ መጣ። እኔ፣ እናቴና የመንደሯ ሴቶች ተጠራርተን የገደሉን አፍ አጠርነው። ሦስት ቀን ሙሉ ቀጋና አጋም ስንቆርጥ፣ ስንጎትት፣ እጃችን በእሾህ ተበጣጠሰ። ከቀበሌው አንድም ሰው አካፋ ይዞ አልመጣም። አጥሩ ካለቀ በኋላ ግን አንድ ካሜራ የያዘ ሰው ልከው ፎቶ አስነሱት። በሚቀጥለው ስብሰባ ሊቀመንበሩ ተነስቶ «ቀበሌያችን ኅብረተሰቡን በማስተባበር የቆሻሻ ማስወገጃ ስፍራ አሳጥሯል» ብሎ አነበበ። ሰው አጨበጨበ። እናቴ አጠገቤ ነበረች፤ እሷም አጨበጨበች። ክርኗን ያዝኩት።

«እማ፣ ምነው?»

«ተይው፤ ብቻ ከብቱ አይግባ» አለችኝ።

እኔ መተው አልቻልኩም። ደግሞም ከብቱ መግባቱን አላቆመም፤ ከተማው ሲሰፋ ቆሻሻው በሌላ በኩል አዲስ ገደል አገኘ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለእናቴ አንዲት ጊደር ገዛሁላት። እናቴ በረት አላሠራችላትም፣ ከመንጋም አልቀላቀለቻትም። ደጇ ላይ ካለው ግንድ በገመድ አሰረቻት። ማለዳ ማለዳ ማጭዷን ይዛ ከማሳው ዳር ሣር አጭዳ፣ ሸክሟን አምጥታ፣ አጎንብሳ እፍኝ እፍኙን እየበተነች ታየዋለች፤ ፌስታል አለበት እንደሆነ ለመልቀም። ያን ጊዜ ስድሳን አልፋለች፤ ወገቧ ጎብጧል። ሜዳው ፊቷ ተዘርግቶ ጊደሯ ገመዷን እየሳበች ትጮሃለች።

«ፍቻት እንጂ እማ፣ ለአንድ ሰዓት እንኳ» አልኳት አንድ ቀን።

«የት ልፈታት?» አለችኝ። አጠገቧ አጎንብሼ ሣሩን እፍኝ እፍኙን መበተን ጀመርኩ።