የኋላው ወንበር

በአባቴ ግቢ የቆመችውን አሮጌ ማኪና ስከፍት የናፍጣ ሽታ ተቀበለኝ። ልጅ ሆኜ በዚህችው ማኪና ከጎንደር ተነስተን በመተማ በኩል ሱዳን ገብተናል። አባቴ የኋላው ወንበር ላይ ብርድ ልብስ አንጥፎ አስቀመጠኝና፣ «ማንም ቢጠራሽ እንዳትነሺ፤ አሞኛል በይ» አለኝ። ደህና ነበርኩ።

ኬላው ላይ ፈታሹ ሻንጣችንን ሁሉ አራግፎ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

«ነይ ሚጣ፣ ውረጅና ውሃ ጠጪ።»

ጠምቶኛል። አባቴ በመስታወቱ ያየኛል።

«አሞኛል» አልኩ።

ግንባሬን ዳሰሰው። በመተማ ሙቀት ይፋጅ ነበርና አሳለፈን።

ስንሄድ ሲቆረቁረኝ የዋለው ወንበር ስንመለስ ለስላሳ ነበር።

«አባባ፣ ያኔ ከሥሬ ምን ነበር?» አልኩት ዛሬ።

«ምነው፣ አልተመቸሽም ነበር?» አለና የማኪናዋን ቁልፍ ከእጄ ወሰደ።