ሦስተኛ ፎቅ የወጣው ቢጫ መቀመጫ

ከሚሴ ውስጥ የአንዱን ሰው ሳሎን ያየ የሁሉንም አይቷል። ቡናማ ሶፋ፣ ቡናማ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ትይዩ ብፌ፤ ብፌው ውስጥ ደግሞ ከሠርጉ ቀን ወዲህ ሻይ ያልቀመሱ ስድስት ብርጭቆዎች ያለ ፍርድ ታስረዋል። ሶፋው ከተገዛ ዓመት ቢያልፈውም ላስቲኩ አልወለቀም፤ እንግዳ ሲቀመጥበት ይንጫጫል። የፕላስቲክ አበባውን በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ የሚወለውል አባወራ፣ ደጁ ላይ የበቀለውን እውነተኛውን አበባ ፍየል ሲበላው ቆሞ ያያል። ይህን አገዛዝ ማን እንዳወጀው አይታወቅም። አዋጅ ግን ነው፤ የጣሰው "ነካ አድርጎታል" ይባላል።

ፈይሩዝ ጣሰችው።

ፈይሩዝ የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት ናት፤ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ ማንም የማይፈልገውን ወረቀት "አንድ ቀን ሰው ይፈልገዋል" ብሎ ማስቀመጥ ነው። ፈላጊው እስካሁን አልመጣም፤ ልማዱ ግን ደሟ ውስጥ ገብቷል። ከባሏ ስትለያይ እሱ ሶፋውንና ብፌውን ጭኖ ሄደ። እሷ "አልሐምዱሊላህ" አለች። ሰው በትዳሯ መፍረስ ያመሰገነች መስሎት ታዘባት፤ ያመሰገነችው ግን ስለ ብፌው ነበር።

ከዚያ አስፋልቱ ዳር፣ ከሲሚንቶና ቆርቆሮ መሸጫው በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ቤት ተከራየች። አንዱን ግድግዳ የበርበሬ ቀይ፣ አንዱን የሰማይ መልክ ቀባችው፤ የጓዳውን በር ደግሞ በክረምት የጨፋን ሜዳ አስመስላ አረንጓዴ አደረገችው። ቀለም ሻጩ "ለመዋዕለ ሕፃናት ነው?" ብሎ ጠየቃት።

"አዎ፤ ተማሪዋ እኔ ነኝ" አለችው።

ዕቃ የምትለቅመው ባቲ ነው። የባቲ ገበያ ሰኞ ስለሆነ የዓመት ፈቃዷን በሰኞ በሰኞ ቆራርጣ ጨረሰችው። ሰው ባቲ ወርዶ ግመል ይገዛል፤ እሷ የግመል ቃጭል ይዛ ትመለሳለች፤ ግመሉ የለም። ሰው ወተት ይገዛል፤ እሷ የአፋር የወተት ዕቃ ባዶውን ገዝታ ጃንጥላ ታቆምበታለች። መስተዋቱ የተሰነጠቀ ፋኖስ፣ ዲዳ የሆነ ሬዲዮ፣ ቀለሙ የተላላጠ የብረት ትሪ፣ ሁሉም ሦስተኛ ፎቅ ወጡ። ከጨፋ ሮቢት አንድ ገበሬ ለምና ያመጣችውን ቀንበር ግድግዳ ላይ ሰቅላ ሻርፖቿን አንጠለጠለችበት። እናቷ ነኢማ መጥታ ቀንበሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችው።

"ሰው በሬውን ሸጦ ከተማ ይገባል" አለች። "አንቺ ቀንበሩን ተሸክመሽ ገባሽ። ማንን ልታርሺበት ነው?"

"ያምራል እኮ እማ።"

"መጀመሪያ ሲጠመድ ለበሬውም ያማረ ይመስለዋል።"

ከሁሉ የከበደው መቀመጫው ነው። የሸጠላት ኢርፋን የሚባል ልዋጭ ነው፤ በየሰፈሩ እየዞረ አሮጌ ዕቃ በፕላስቲክ ሳፋ ይለውጣል፤ የለወጠውን ባቲ ወስዶ ይሸጣል። መቀመጫው ረጅም፣ ዝቅ ያለ፣ ከዋንዛ እንጨት የተጠረበ ነው። ጎንና ጎኑ ላይ ጥቃቅን ጨረቃዎች ተቀርጸውበታል። አራቱም ማዕዘኑ ላይ የመጋዝ ቁስል አለው።

"ይህ ምንድን ነው?" አለችው።

"የባላባት መደብ ነው እህቴ። ድሮ የተከበረ ሰው ይጋደምበት ነበር።"

"ጫፉን ለምን ቆረጡት?"

"ረጅም ነበራ። የድሮ ሰው ረጅም ነው።"

"ይመቻል?"

ኢርፋን ትንሽ አሰበ። "እስከ ዛሬ ተጋድሞበት ያማረረ የለም" አለ።

በዚያ ቀን ከአፉ የወጣው እውነት ይቺ ብቻ ነበረች። ፈይሩዝ መቀመጫውን ሚኒባስ ላይ አስጫነች፤ ከሚሴ ስትደርስ በባጃጅ፣ ከዚያም በሰው ትከሻ ሦስት ፎቅ አስወጣችው። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገችው። እርድ የመሰለ ቢጫ ቀባችው። የሟች አባቷን አሮጌ ሽርጦች ቀድዳ፣ ቁራጩን ከቁራጭ ሰፍታ ትራስ አበጀችለት። ከሥራ ስትመለስ ጋደም ትልበታለች። "እንዲህ ያለ እንቅልፍ በሕይወቴ ተኝቼ አላውቅም" እያለች ሁለት ወር ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቿ አወራች።

ይህን ሁሉ ከሩቅ የሚከታተሉ አንድ ሰው ነበሩ፤ የእናቷ ታላቅ ወንድም ሀጂ ሲራጅ። ሀጂ የሰፈሩ ቅሬ ዳኛ ናቸው። ሰው ሲሞት የሚቀብረውና ሐዘንተኛ የሚያጽናናው ማኅበር በእሳቸው ቃል ይነሳል፣ በእሳቸው ቃል ይቀመጣል። በተለይ ስለ ወቅፍ ሲናገሩ ግድግዳው ያለቅሳል። "ለአላህ ተብሎ የተሰጠ ዕቃ አይሸጥም፤ አይለወጥም፤ ከቦታውም አይነቃነቅም።" ከሦስት ዓመት በፊት ቅሬው የብረት ቃሬዛ ሲያሠራ፣ የሀጂ አባት በእጃቸው ጠርበው ወቅፍ ያደረጉትን የእንጨቱን ቃሬዛ ሀጂ በአደራ ተረከቡ። ዓመት ሳይሞላ "ምስጥ በላው" ብለው ለጉባኤው አስታወቁ። ጉባኤው ለእንጨቱ ከንፈሩን መጠጠለት።

ሀጂ የእህታቸው ልጅ ብቻዋን መኖሯን አልወደዱትም። "ያውም ሦስተኛ ፎቅ" ይላሉ። "ከሰማይ አልሆነች፣ ከምድር አልሆነች።" በግቢያቸው ውስጥ፣ ከፍየሎቹ በረት አጠገብ፣ አንዲት ክፍል አስጠርገውላታል። "እንጠብቃታለን" ይላሉ። ግቢው ውስጥ ጠባቂ ያጡት ግን አምስቱ የልጅ ልጆቻቸው ናቸው።

በመጨረሻ ነኢማ ፈረደች። "አጎትሽ ቤትሽ ገብቶ እጁን አንስቶ ዱዓ ካደረገልሽ ትኖሪያለሽ። ካላደረገ ጁሙዓ ጓዝሽን ጠቅልለሽ ግቢው ትገቢያለሽ።" ይህ የእናት ወግ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፈይሩዝ አንድ መላ አታጣም ነበር። ነገር ግን አከራይዋ፣ ታች ያለው ሲሚንቶ ነጋዴ፣ "ሀጂ ያልመረቁትን ቤት ውል አላድስም" ብሏታል። ሰውዬው አሸዋ የበዛበት ሲሚንቶ ይሸጣል፤ በምርቃት ጉዳይ ግን ቀልድ አያውቅም።

እሁድ ከዙሁር ሶላት በኋላ፣ ነኢማ ቀድማ ደርሳ ስትጠብቅ፣ ሀጂ መጡ። ባለቤታቸውን ፋይዛንና ካሚልን አስከትለዋል። ካሚል የቅሬው ጠሪ ነው፤ ሰው ሲሞት በየመንገዱ እየዞረ ያሳውቃል። ሠላሳ ዓመት ሲጣራ ድምፁ ዝቅ ማለት ረስቷል፤ ሲያንሾካሹክ ማዶ ይሰማል። ሬሳ ሲነሳም የቃሬዛው የፊት ቀኝ የእሱ ነው፤ ሌላ ሰው ቀድሞ ቢይዝበት ይጣላል። ሀጂ ያመጡት ለበጎ አይደለም። "አልመርቅም" ሲሉ ከተማው ሳይመሽ እንዲሰማ ነው።

ሀጂ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ አርፈው ገቡ። ቀዩን ግድግዳ አዩ። "ይህን ምን አገኘው?" አሉ። ቀንበሩን አዩ፤ ነኢማን ገላመጧት። ፋይዛ ሰማያዊውን ግድግዳ በእጇ እየዳበሰች "ባሬዳ፣ እንዴት ያምራል" ስትል ባሏ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ እጇን ሰበሰበች።

"ይቀመጡ አጎቴ" አለች ፈይሩዝ፤ የክብሩን ቦታ አሳየቻቸው።

ሀጂ ቢጫው ላይ ተቀመጡ። ትራሱን ደገፍ አሉ። ለኩርፊያ የተሰናዳው ፊታቸው ሳያስቡት ላላ። "መቀመጫው እንኳ ደህና ነው" አሉ።

ካሚል አጠገባቸው ተቀመጠ። ተነሳ። እንደገና ተቀመጠ። በመዳፉ ጎኑን ዳበሰ፤ ጨረቃዎቹን አንድ በአንድ ነካካ።

"ፈይሩዝ ልጄ፣ ይህን ከየት አመጣሽው?"

"ከባቲ ነው አያ ካሚል። የባላባት መደብ ነው አሉኝ።"

ካሚል በእንብርክኩ ወርዶ ከሥሩ አጎንብሶ አየ። ቀለሙ ያልደረሰበት ቦታ ላይ ስንጥቁን የያዘ የዱቄት ወተት ጣሳ ቁራጭ በሰባት ምስማር ተመትቶበታል።

"ይህን ምስማር የመታሁት እኔ ነኝ" አለ። አንሾካሽኮ ነው። ታች ሲሚንቶ የሚጭኑት ሰዎች ሥራ አቆሙ።

ሀጂ ተነሱ። መነሳታቸው ራሱ ምስክር እንደሚሆንባቸው ገባቸውና ተቀመጡ። የተቀመጡበትን አሰቡና ግማሽ ተነሱ። እዚያው መሐል ላይ ቀሩ። ፈይሩዝ የመሸከሚያ እጀታው የተቆረጠበትን የመጋዝ ቁስል፣ የኢርፋንን መልስ፣ የሁለት ወሩን ጣፋጭ እንቅልፍ በአንዴ አስታወሰችና የያዘችውን የሻይ ትሪ ቀስ ብላ መሬት ላይ አኖረችው።

"ሀጂ" አለ ካሚል። "ምስጥ ቀለም መቀባት የጀመረው መቼ ነው?"

ሀጂ እጃቸውን አነሱ።

እዚህ አገር እጅ ለዱዓ ከተነሳ የሚናገር የለም፤ የሚፈቀደው "አሚን" ብቻ ነው። ንጉሥ ቢመጣ፣ እሳት ቢነሳ፣ መጀመሪያ አሚን ነው። ካሚል የከፈተውን አፍ "አሚን" ብሎበት ዘጋው። ሀጂ ያን ጊዜ መደበቂያ አገኙ፤ መደበቂያው ግን እጃቸው እስከተነሳ ድረስ ብቻ ነው።

"ይህን ቤት የሰላም ያድርገው።"

"አሚን።"

"ደረጃውን የወጣ በሰላም ይውረድ።"

"አሚን።"

ማለቂያው ላይ ሲደርሱ ካሚል ፊት ለፊት ጉሮሮውን ጠረገ። ሀጂ ቀጠሉ። ለእናቷ፣ ለሟች አባቷ፣ ለመሥሪያ ቤቷ፣ ለመዝገብ ቤቱ ወረቀቶች ጭምር ዱዓ አደረጉ። ርዕስ አለቀባቸው። ዓይናቸው ግድግዳውን መፈለግ ጀመረ።

"ቀዩን ግድግዳ የበረካ ያድርገው።"

"አሚን።"

"ሰማያዊውንም።"

"አሚን" አለች ፋይዛ ከሁሉ ቀድማ።

"ቀንበሩን ያቅልለው። የግመሉን ቃጭል አየን፤ ግመሉንም ይላክላት።"

"አሚን።"

"ብቻዋን ለምትኖር ሴት አላህ ጎረቤቷ ይሁን።"

የነኢማ አሚን ከካሚል በለጠ። ፈይሩዝ ጎንበስ ብላ ስቃ ይሁን አልቅሳ አልታየም። ሀጂ ፋኖሱን መርቀው ወደ ዲዳው ሬዲዮ ሲዞሩ ድምፃቸው ተዘጋ። ሳል ያዛቸው፤ እጃቸው በራሱ ወርዶ ፊታቸውን ዳበሰ። ዱዓው አበቃ።

"አሚን" አለ ካሚል። "ምስጡስ?"

ሀጂ ሚስታቸውን አዩ። አንዳንድ ወንድ የገዛ ስሙን ሲጠየቅም ሚስቱን ያያል።

"እኔን ምን ያዩኛል" አለች ፋይዛ። "የፍየል መኖ ማስቀመጫ ያደረጉት አንቱ ነዎት። 'ቦታ ያዘ፣ አንሺልኝ' አሉኝ። ልዋጭ ሲመጣ በሁለት ሳፋ ለወጥሁት። በአንዱ ሳፋ ትናንት እግርዎን ታጥበውበታል።"

"የአባታችንን የእጅ ሥራ?" አለች ነኢማ። "ለፍየል?"

ሀጂ ጨረቃዎቹን አዩ። አባታቸው ሲቀርጹ ጎን ተቀምጠው ፍቅፋቂውን ያነሱ የነበሩት እሳቸው ነበሩ፤ ያኔ ልጅ ነበሩ።

"ዛሬውኑ መስጊድ ይመለስ" አሉ በተዘጋ ድምፅ። "ወቅፍ ነው።"

"ይመለስ" አለች ፈይሩዝ። "አያቴ የሠራውን እኔ ልሸሽግ አይደለም። ቀለሙ ግን አይላጥም።"

"ቢጫ ቃሬዛ የት አገር አለ?"

"የአባታችን ጥምጣም ቢጫ ነበር" አለች ነኢማ። ነገሩ ተቆረጠ።

ለመሸከም ሁለቱን ሲሚንቶ ጫኞች ጠሩ። ሀጂ ከተማው ቢጫውን እንዳያይባቸው ጋቢያቸውን አውልቀው ከነትራሱ ከላይ እስከ ታች አለበሱት። ብልሃት መሆኑ ነው። ካሚል በልማዱ የፊት ቀኙን ያዘ፤ እንጨቱ ትከሻው ላይ ባረፈ ጊዜ አፉ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ "ላ ኢላሃ ኢለላህ" ብሎ ጀመረ። ጫኞቹ ተቀበሉት።

አከራዩ ደረጃው ሥር ቆሞ ጠበቃቸው። ሦስት ፎቅ ያቋረጠውን አሚን ሁሉ አንድ በአንድ ሰምቷል። "ነገ ነይ፤ ውሉን እናድሳለን" አላት ፈይሩዝን። ከዚያ ጋቢ የለበሰውን ነገር አይቶ ደነገጠና ትከሻውን ሰጠ።

አስፋልቱ ላይ ሲወጡ የጨርቅ ነጋዴው መዝጊያውን ወደ ግማሽ ሳበ። ባጃጆች ዳር ያዙ። ሰው እየሮጠ መጣ፤ ሬሳ አይቶ ጥቂት እርምጃ ሳይሸከም የሚያልፍ የለም፤ አጅር፣ የአላህ ምንዳ፣ አለው። አንዱ ሲለቅ አንዱ ይገባል፤ "ማን ነው?" ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም ሌላው ያውቃል ብሎ ያስባል። መስጊዱ በር ሲደርሱ መቶ ሰው ይሆናል። ሀጂ መሐል ላይ ተከበው፣ የግራና ቀኙን "አላህ ያጥናዎት" እየተቀበሉ ይሄዳሉ። ምን ይበሉ።

በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ በምርኩዛቸው አስቆሟቸው። "ማን ሞተ?"

ካሚል ሀጂን አየ። ሀጂ መሬቱን አዩ።

"ምስጥ" አለ ካሚል። አንሾካሽኮ ነው።