የአጋዘኑ ክትፎ

ግሮቭፖርት ከተማ፣ ዕቃ በምንጭንበት ዌርሃውስ አብሮኝ የሚሠራው ብራያን አዳኝ ነው። የነቢያት ጾም ሊገባ ሲል የገደለውን አጋዘን ሥጋ በፌስታል ሰጠኝ። ለቅበላ ባለቤቴ አልማዝ ክትፎ ሠራች፤ እንግዳችን ጋሼ ተፈራ "አጋዘን እንዲህ ይጣፍጣል እንዴ!" እያሉ ሁለቴ አስጨመሩ።

በማግስቱ ብራያን ጠጋ ብሎ "ሥጋውን አልበላችሁትም አይደል?" አለኝ። ለካ አጋዘንን አክስቶ፣ አንገዳግዶ የሚገድል የአንጎል በሽታ አለና ጭንቅላቱን ለምርመራ ሰጥቶታል።

"ሰው ላይ እስካሁን አልታየም። ግን ሪዛልቱ ሳይመጣ እንዳትበሉት፤ ቢቀቀልም በሽታው አይጠፋም።"

እስቲ ፍረዱኝ፣ ጥሬውን በላነው ብዬ ልንገረው?

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም። ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ወዲያ ወዲህ እየተራመድኩ እንገዳገድ እንደሆነ አያለሁ። ጋሼ ተፈራ ጋ ኮል አደርጋለሁ።

"ደህና ነዎት ጋሼ?"

"ደህና ነኝ፣ ትንሽ ከሳሁ እንጂ።"

ጿሚ መሆናቸው ጠፍቶኝ ላብ አጠመቀኝ።

በመጨረሻ አላስችል ሲለኝ ለአልማዝ ነገርኳት። በሳቅ ፈረሰች።

"በስመ አብ ሳይባልበት፣ በጥይት የሞተ ሥጋ ለእንግዳ የማቀርብ መሰለህ? የበላችሁት የበሬ ነው!"

እፎይ ብዬ ሶፋው ላይ ተዘረርኩ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

"አጋዘኑንስ የት አደረስሽው?"

"ለጎረቤታችን ውሻ ሰጠሁት።"

ሪዛልቱ ዛሬም አልመጣም። አሁን ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ጋ ቆሜ የውሻውን አረማመድ እከታተላለሁ።