አርሳ አደር

በዘመድ ቤት ሰው ሲሞት መጀመሪያ የእድር ድንኳን ይጠራል፤ ቀጥሎ እኔ እጠራለሁ። አዳማ ውስጥ በጋዜጠኝነት ብዙ ዓመት ስለሠራሁ የሟችን የሕይወት ታሪክ መጻፍና ቀብር ላይ ማንበብ የእኔ ድርሻ ሆኖ ቀርቷል። ሥራውን አልጠላውም፤ ከዜና ጋር ግን አይገናኝም። ዜና ላይ ያልተረጋገጠ ነገር አይገባም። የሕይወት ታሪክ ላይ ሟች ሁሉ ደግ፣ ሟች ሁሉ እንግዳ ተቀባይ ነው። አንድ ጊዜ ሞጆ ላይ ሳነብ አንድ ሽማግሌ ከኋላዬ «የማንን ነው የሚያነበው?» ብለው ጎረቤታቸውን ሲጠይቁ ሰምቻለሁ። ሟቹን በደንብ ያውቁት ነበር።

አዳዳ የአባቴ ታላቅ እኅት ናቸው። በእኛ አካባቢ አማርኛ ተናጋሪውም ቢሆን የአባቱን እኅት በኦሮምኛው አዳዳ ብሎ ይጠራል። ከመቂ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ተወለዱ፣ እዚያው ተዳሩ፣ እዚያው አረጁ። በመጨረሻው ዓመት ጉልበታቸው ከድቷቸው ከአልጋ የሚወርዱት በሰው ድጋፍ ነበር። አንድ ቅዳሜ ልጠይቃቸው ሄጄ የያዝኩትን ብርቱካን አስቀምጬ ገና ሳልቀመጥ፣

«የእኔንም አንተ ነህ የምትጽፈው?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ቀብር ላይ የምታነበውን ነዋ።»

«ኧረ አዳዳ፣ ምን ያለ ወሬ ነው? ገና ብዙ ይኖራሉ።»

«ማል ጄታ? ምን ትላለህ? ገና ሳልሞት ውሸት ጀመርክ?»

የምታስታምማቸው ታናሽ ልጃቸው ከጓዳ ሆና «እማዬ፣ በስመ አብ ይበሉ! ሟርት ነው» አለች።

«ሟርትስ እንደ እኔ መቆየት ነው» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ጻፍና አንብብልኝ። ሰው ሁሉ የራሱን ሳይሰማ ይቀበራል። እኔ ስህተቱን አርሜ መሄድ እፈልጋለሁ።»

መጠየቅ ሥራዬ ነውና ጠየቅኩ። የት ተወለዱ፣ መቼ ተዳሩ። ስንት ልጅ ወለዱ ስላቸው «የተቀበሩትን ጨምሬ ነው ቀንሼ?» አሉ። ጨምረው እንዲነግሩኝ ጠየቅኳቸው። እየነገሩኝ ጣታቸውን ያጥፉ ነበር፤ የሞቱትን ሲቆጥሩ ብቻ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር፣ የተኛ ሕፃን እንዳይቀሰቅሱ የሚጠነቀቁ ያህል።

ሥራ የሚለው ላይ ስንደርስ ከትራሳቸው ሥር የቀበሌ መታወቂያቸውን አወጡ። «እስቲ ምን ይላል?»

«የቤት እመቤት።»

«እመቤት? ማንን አዝዤ?» ታናሽ ልጃቸው ጓዳ ውስጥ ሳቀች። «ደግሞስ የቱን ቤት? እኔ ቤት የምገባው ለመተኛት ነበር። ይልቅ አርሶ አደር ማለት ምን ማለት ነው?»

«አርሶ የሚያድር ነዋ።»

«በኦሮምኛስ?»

«ቆቴ ቡላ።»

«ያው አርሶ ያደረ ነው። እኔም አርሼ አድሬአለሁ። ታዲያ ምን ልባል?»

ስንዘግብ «ሴት አርሶ አደር» ነው የምንለው፤ ቃሉ የወንድ ሆኖ ይቀመጥና ሴቷ ከፊቱ ትለጠፋለች። «አርሳ አደር» ብሎ የጻፈ ሰው አላጋጠመኝም። በአገራችን ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ታበራያለች፣ ከማረሻው ኋላ እየሄደች ጓል ትከሰክሳለች። እርፍ ግን አትይዝም። እርፍ አራሹ በእጁ ጨብጦ ማረሻውን የሚመራበት እንጨት ነው። ሴት እሱን ከጨበጠች ሰማይ ይደርቃል ይባላል።

ባላቸው በጉበት በሽታ የሞቱት ዝናብ ሊጀምር ሲል ነበር። በሬዎቹ አሉ፤ የሚጠምዳቸው የለም። መሬቱን የእኩል ሊያርስ ቃል የገባው ሰው የራሱን ሳይጨርስ አልመጣ አለ። የጎረቤት ማሳ ሁሉ ሲለሰልስ የእሳቸው እንደ ደረቀ ቆዳ ተወጥሮ ቀረ። አንድ ማለዳ በሬዎቹን ራሳቸው ጠመዱ።

«እርፉ በልጆቼ አባት ቁመት የተጠረበ ነው፤ ደረቴን ይመታኛል» አሉኝ። «መጥረቢያ አምጥቼ ከላይ ስንዝር የሚሆን ቆረጥኩለት። የመጀመሪያው ፈር እባብ የሄደበት ይመስል ነበር። በሬዎቹ እንኳ ዞረው አዩኝ።»

በማግሥቱ ሽማግሌዎች መጥተው ማሳው ዳር ቆሙ። አንደኛው «አንቺ፣ ሰማዩን ልታደርቂብን ነው?» አሏቸው።

«አምና ወንድ ሲያርስ ደርቋል። ዘንድሮ ደግሞ በእኔ ይሞከር።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው እንደሳቁ አዳዳ ሲነግሩኝ፣ ራሳቸውም አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ዝናቡስ ብዬ ጠየቅኩ። «እንደ ልማዱ ነው። ሲያሰኘው ዘነበ፣ ሲያሰኘው ተወ። ቦሎቄው ግን ደኅና ነበር።» ከዚያ በኋላ ሴት ልጃቸው አግብታ አማች ማሳውን እስኪረከብ ድረስ እርፉን አላስቀመጡም።

አንድ ነገር ጎደለኝ። «ያኔ የበኩር ልጅዎ ለማረስ ደርሶ ነበር። የት ነበር?»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «በሬዎቹ የት ነበሩ ብለህ ጠይቀኝ፣ እነግርሃለሁ። ልጄን አትጻፈው።»

አልጻፍኩትም። ግን አውቃለሁ። የአባቱ አርባ በወጣ ማግሥት «ለዘር እመጣለሁ» ብሎ ሞጆ ገባ። መጀመሪያ ጫኝና አውራጅ፣ ቀጥሎ የሹፌር ረዳት ሆነ፤ ዛሬ ደረቅ ወደቡ በር ላይ ተሰልፈው ከሚያድሩት ከባድ መኪኖች የእሱም አሉበት። ክፉ ልጅ አይደለም። የቤቱ ቆርቆሮ፣ የውኃው ፓምፕ፣ የእናቱ መድኃኒት የእሱ ነው። ለዘር ግን አልመጣም። የመጣው አጨዳው ካለቀ በኋላ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጽፌ ወሰድኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። «ደግ» የሚለው ላይ እጃቸውን አነሱ።

«አውጣው። ያቺን ጎረቤቴን በውኃ ቦይ ተጣልቼ ሁለት ክረምት አኩርፌአታለሁ። ቀብሬ ላይ ቆማ ብትሰማው ትስቅብኛለች።»

አወጣሁት። «በእርሻ ሥራ የኖሩ፣ እርፍ ጨብጠው ልጆቻቸውን ያሳደጉ አርሳ አደር ነበሩ» የሚለው ላይ ስደርስ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ድገመው።»

ደገምኩት።

«ኤዬ፣ አዎ። እሱን እንዳትተወው» ብለው አንድ ብርቱካን እንድልጥላቸው ሰጡኝ።

ሰኔ ላይ አረፉ። የበኩር ልጃቸው ደውሎ ነገረኝና ከአዳማ ወረድኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ፍትሐቱ ሳያልቅ፣ ወደ ዋርካው ሥር ወሰደኝና ወረቀቱን ጠየቀኝ። ቆሞ አነበበው። ከዚያ በአውራ ጣቱ አንድ ቦታ ያዘ።

«ይቺን አውጣት።»

«የራሳቸው ቃል ነው። አንብቤላቸው ሰምተውታል።»

«ይሁን። የሞጆ ሰው ሁሉ መጥቷል። እናቱ እርፍ ስትጨብጥ እሱ የት ነበር አይሉም?»

«ስለ አንተ አንድም ቃል የለበትም።»

«እሱ ነው የባሰው» አለ።

ሌላ ቦታ ቢሆን መረጃው ትክክል ነው ብዬ ነገሩን እዘጋው ነበር። እዚህ ግን እውነቱን የተናገሩት ሴት በሳጥን ውስጥ ናቸው፤ እውነቱ የሚነካው ሰው ፊቴ ቆሟል፤ እሳቸውም እንዳልነካው አደራ ያሉኝ እሱኑ ነው። ቢሆንም «እኔ ካነበብኩ እንዳለ ነው የማነበው» አልኩት። «አልሆንልህ ካለ ሌላ ሰው ያንብበው።»

ወረቀቱን አልመለሰልኝም። «እኔ አነባለሁ» አለ። ልጅ የእናቱን የሕይወት ታሪክ ሲያነብ ብዙ አይታይም፤ ሐዘንተኛ ይደገፋል እንጂ አይቆምም። ዘመዶች ሊከለክሉት ቢሞክሩም እንቢ ብሎ ማይክራፎኑን ያዘ።

ደኅና ጀመረ። የትውልድ ቦታውን አነበበ፤ ጋብቻውን አነበበ፤ የወለዷቸውን ልጆች የተቀበሩትን ጨምሮ አነበበ። ከዚያ ቆመ። አጠገቡ ስለነበርኩ አውራ ጣቱ የቱ ቃል ሥር እንዳለ አየሁ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለውም። ሰዉ እንባ የያዘው መሰለው። «አይዞህ! አይዞህ!» አሉ ወንዶቹ። ሴቶቹ ድምፃቸውን ለቀቁ። ካህናቱ ያለቀ መስሏቸው ጸሎቱን ቀጠሉ። ማይክራፎኑን ተቀበሉት፤ ወረቀቱ ግን እጁ ውስጥ ቀረ። ሐዘን ይሁን እንቢታ ዛሬም ማረጋገጥ አልችልም። የማረጋግጠው ዓረፍተ ነገሩ አለመነበቡን ነው። አዳዳ ያለ እሱ አፈር ገቡ።

ድንኳን ውስጥ ንፍሮ እየዞረ ሳለ አንዲት አሮጊት በምርኩዛቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። የቦዩ ጎረቤት ነበሩ።

«እናንተ ልጆች፣ ማረሷን ሳታነቡ ቀበራችኋት?»

የበኩር ልጁ ከወንዶቹ መሀል አቀርቅሮ ተቀምጧል።

«ምነው ዝም አላችሁ? አንደኛው በሬዋ ሲሞትባት የእኔን በሬ አጣምራ ነው ያረሰችው። ያኮረፈችኝ ጊዜ እንኳ በአጥር ቀዳዳ አያት ነበር። ፈሯ ጠማማ ነበር፣ ነፍሷን ይማረውና!»

ሴቶቹ ሳቁ። ሳቁ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ። አሮጊቷም አብረው አለቀሱ። የበኩር ልጁ ተነሣና ወጣ።

ተቆጥቶ መስሎኝ ተከተልኩት። ከቤቱ ጀርባ ያለችው የዕቃ ቤት ገባ። ማሳውን ዛሬ ቲማቲም የሚያለሙ ሰዎች ተከራይተውት በትራክተር ነው የሚያርሱት፤ ቀንበሩና ሞፈሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው አቧራ ለብሰዋል። ከመካከላቸው ማረሻውን ከነእርፉ አወረደና ወለሉ ላይ አቆመው።

አባቱ ረጅም ሰው ነበሩ፤ እሱም የወጣው እሳቸውን ነው። እርፉን ሊጨብጥ ሲል እጁ አየር ያዘ። ዝቅ አለ። አሁንም አልደረሰበትም። ወገቡን አጥፎ ነው የጨበጠው።

«ማን ነው የቆረጠው?» አለኝ ሳይዞር።

«እሳቸው ናቸው።»

ከድንኳኑ ሰዎች እየተጠራሩ ይፈልጉት ነበር፤ ሊሰናበቱት የቆሙ የሞጆ እንግዶች አሉ። ሰምቷቸዋል። እርፉን ግን አልለቀቀም፤ እንደጎበጠ ቆየ።