የሐንዲሶ ቃሬዛ፣ ከሺንሺቾ እስከ ሆሳዕና

ከሆሳዕና የተነሣሁት ቃጫ ልገዛ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ «ገበሬ ሊያነሣሣ የሄደ ነጋዴ» ስለተባልኩ ነው። እኔ ገበሬ አነሣሥቼ አላውቅም። ገና ሳይነጋ ሱቄን እያንኳኳ «ላምባ ስጠኝ» ብሎ ከእንቅልፌ የሚያስነሣኝ እሱ ነው።

እንሰት ሲፋቅ የሚቀረው ክር ቃጫ ይባላል። ገመድም ጆንያም ይሆናል። ሺንሺቾ አጠገብ ሐንዲሶ የሚባል ደንበኛ አለኝ። ከጎረቤቶቹ ሰብስቦ፣ አድርቆና አስሮ ይጠብቀኛል። በዓመታት ውስጥ እርጥብ ቃጫ ሸጦልኝ አያውቅም፤ ከሌሎቹ ግን በቃጫ ፋንታ ውኃ ገዝቼ የተመለስኩበት ቀን ብዙ ነው።

ጠዋት፣ ወደ ዱራሜ

በኤንትሬ ጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ተሳፈርኩ። መንገዱ ዝናብ በልቶታል። ሐምበሪቾ ተራራ እንደ ልማዱ ራሱን በደመና ጠቅልሎ ተቀምጧል። አንጋጫ ስንደርስ የድሮው ባለርስት ጎተራ ግድግዳ ላይ «መሬት ለአራሹ» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ጥሩ ቀለም ነው፤ ያን ሁሉ ዝናብ ችሎ አልለቀቀም። ሾፌሩ አየት አድርጎ፣ «ጎተራው ውስጥ ያለውስ የማን ነው?» አለኝ። መሪውን እንዲያይ ነገርኩት።

ዱራሜ ላይ ቆጮ በጎመን በላን። አይብ ጨምረው ሰባ አምስት ሳንቲም ወሰዱብኝ። የምግብ ቤቷ ባለቤት ወዴት እንደምሄድ ስትሰማ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ሺንሺቾ ስትደርስ ስለ ገመድ እንዳታወራ።»

«ቃጫ ነጋዴ ታዲያ ስለ ምን ያውራ? ስለ ዝናብ?»

«ስለ ዝናብም አታውራ» አለችና ሳህኑን አነሣች።

ሺንሺቾ

ገበያው ላይ ሐንዲሶ የለም። ቤቱ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ሚስቱ ማርታ በር ላይ ቆማለች። ሰላምታዬን ሳትመልስ ወደ ውስጥ ጠቆመችኝ።

ሐንዲሶ ምንጣፍ ላይ ተጋድሟል። ሆዱ ተነፍቷል። የቀኝ እጁ አመልካች ጣት በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ጨርቁ ደም ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ቃጫህን አላዘጋጀሁም» አለኝ።

«ቃጫው ገደል ይግባ። ማን ነው እንዲህ ያደረገህ?»

ዐይኑን ጨፈነ። ማርታ ናት የነገረችኝ።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ የመሬት አዋጁ ሳይወጣ የባለርስቱን ሲሶ እየሰፈረ የሚያስገባ ሰው ነበር። ካኪ ኮት ለበሰና ጓድ ሆነ። መሬቱን የሚያከፋፍለው በቃጫ ገመድ እየለካ ነው። ቃጫ ሲርስ ያጥራል፣ ሲደርቅ ይረዝማል። ለዘመዶቹ ሲለካ ገመዱ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። የጭሰኛና የባል አልባ ሴት ተራ ሲደርስ ግን ገመዱ መጀመሪያ ወንዝ ይወርዳል፤ «ጭቃው ይታጠብ» ይባላል። እርጥብና ደረቅ ገመድ ልዩነቱን የማያውቅ የከምባታ ሰው ፈልጉና አምጡልኝ! ሁሉም ያውቃል። ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ገመዱን በጣቱ እያመለከተ «ለሁሉም በደረቁ ይለካ» ያለው ሐንዲሶ ብቻ ነው።

በማግስቱ ሦስት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች እንሰቱ ውስጥ አገኙት። በጠመንጃ ሰደፍ ደበደቡት። ጣቱን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ቀጠቀጡት፤ ያመለከተበትን ጣት መርጠው።

«ታዲያ ለምን ሆሳዕና አልወሰዳችሁትም?»

«ይለፍ ወረቀት የለውማ። ሊቀመንበሩ፣ እሑድ ስብሰባ ላይ ገመዱ ልክ ነው ይበልና እፈርማለሁ ይላል።» ወደ ባሏ ዞረች። «በለው እንጂ! ሰው ለገመድ ይሞታል?»

«የእናትሽ እንሰት ከገመዱ ማዶ ቀርቷል» አላት ቀስ ብሎ። «ልክ ነው ካልኩ እዚያው ይቀራል።»

ማርታ ተነሥታ ወጣች። ስታለቅስ ሰማኋት።

ሊቀመንበሩ ዘንድ

ነጋዴ ነኝ፤ በዋጋ የማይፈታ ነገር የለም ብዬ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛው ላይ ክርኑን አሳርፎ ተቀበለኝ።

«ሐንዲሶ ታሟል፣ ጓድ። ይለፍ ይስጡት።»

«ከዛፍ ነው የወደቀው።»

«የቱ ዛፍ ነው ሰደፍ የሚያበቅለው?»

«ምላስህ ረዝሟል፣ ነጋዴ።»

«ፀሐይ ነክቶት ይሆናል፣ ጓድ።»

ይህን በማለቴ ለጊዜው ደስ አለኝ። ወረቀቱን ግን አልሰጠኝም። ለሐንዲሶ ያተረፍኩለት ነገር የለም።

ድልድዩ ላይ

ሲነጋ ጎረቤቶቹ ማንንም ሳያስፈቅዱ መጡ። ሁለት የቀርከሃ አግዳሚ በቃጫ አያይዘው ቃሬዛ ሠሩ። እዚያ አገር አንድ ሕግ አለ፤ የትም አልተጻፈም። በሽተኛ የተሸከመ ቃሬዛ መንገድ ላይ ያገኘህ እንደሆነ የያዝከውን አስቀምጠህ ትከሻህን ታስገባለህ። ጠላትህም ቢሆን ታስገባለህ። ገበያ የሚሄዱ ሰዎች ቅቤያቸውን ሳር ላይ እያኖሩ ሲገቡ፣ ሲደክማቸው ለሌላ ሲለቁ አየሁ። እኔም ገባሁ። ትከሻዬ ለሂሳብ እንጂ ለሸክም እንዳልተፈጠረ ያኔ ነው ያወቅሁት።

ድልድዩ ላይ ሁለት ጠባቂዎች ቆመዋል። ማርታ አንዱን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። አኑሎ ይባላል፤ ሐንዲሶን ከደበደቡት አንዱ ነው።

«ቁሙ! ወረቀት!»

ሰዉ ቆመ። የማርታ እናት ከኋላ በምርኩዝ መጡ። እንሰታቸው ከገመዱ ማዶ የቀረባቸው እሳቸው ናቸው።

«አኑሎ፣ ቃሬዛ መጣብህ። ምን ቆመሃል?»

«እማማ፣ ወረቀት ከሌላቸው…»

«እናትህ አንተን አምጣ አልወለድ ሲላት በዚህ ድልድይ ነው ተሸክመን ያሻገርናት። ወረቀት የጠየቀን የለም።»

ሌላኛው ጠባቂ ወደ ወንዙ ዞሮ የሚያየው ነገር ያገኘ መሰለ።  አኑሎ ጠመንጃውን የድልድዩ መደገፊያ ላይ አቁሞ ትከሻውን ከአግዳሚው ሥር አስገባ። ሐንዲሶ ከላይ ሆኖ አየው።

«አኑሎ፣ ቀስ በል» አለው። «የትኛው ጎኔ እንደሚያመኝ አንተ ታውቃለህ።»

 አኑሎ እስከ መኪና መንገዱ ድረስ ተራውን ለማንም አልለቀቀም።

ሆሳዕና፣ ከዚያም መልስ

የጤና ጣቢያው አካሚ፣ ድሬሰር የሚሉት፣ የሐንዲሶን ሆድ ዳሰሰና እኔን ወደ ደጅ ጠራኝ። «ደሙ ወደ ውስጥ ፈሷል። በተመታ ዕለት ቢመጣ ኖሮ…» ብሎ ቀሪውን ተወው። እኔ ግን አልተውኩትም፤ እስካሁን ልጨርሰው እታገላለሁ። አንድ ወረቀት! እፍኝ ስኳር የማይጠቀለልበት ቁራጭ ወረቀት!

ሐንዲሶ በማግስቱ ረፋዱ ላይ አረፈ። ማርታን የጠየቃት የመጨረሻ ነገር፣ «ልክ ነው አላልኩም አይደል?» የሚል ነበር።

«አላልክም» አለችው።

ሬሳውን ይዘን ስንመለስ የኤንትሬው ሾፌር ዋጋ አልጠራም። ከመኪናው አውርደን ያንኑ ቃሬዛ ተሸከምን። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ሊቀመንበሩ ካኪ ኮቱን ለብሶ ይጠብቃል። ቆቡን አወለቀ፤ ሐዘን የሚያውቅ ሰው መሰለ። ወደ ቃሬዛው ቀርቦ ትከሻውን ዝቅ አደረገ። ማን ይከለክለዋል? ቃሬዛ ላይ ትከሻ ተከልክሎ አያውቅም።

«አውርዱት» አለች ማርታ።

ተሸካሚዎቹ ተያዩ።

«አውርዱት አልኳችሁ!»

ሬሳው መንገዱ መሐል ተቀመጠ።

«ማርታ፣ ባህላችን ነው እኮ» አላት ሊቀመንበሩ።

«በቁሙ መንገድ የከለከልከውን ሬሳውን አትሸኘውም። አንተ እዚህ እያለህ ባሌ ከዚህ አይነሣም።» ከቃሬዛው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እናቷ ተቀመጡ። ጎረቤቶቹ ተቀመጡ። ቀጥሎ አኑሎ፣ ጠመንጃውን ከጀርባው አውልቆ፣ ሊቀመንበሩ ዐይኑ እያየ ተቀመጠ። እኔም ጭቃው ላይ ከነሱሪዬ ተቀመጥኩ። ሊቀመንበሩ ብቻውን ቆሞ ቀረ። ቆቡን ወዲያ ወዲህ ካገላበጠ በኋላ አደረገውና ሄደ። ያኔ ሐንዲሶ ተነሣ።

ቤቴ

ሚስቴ ባዶ እጄን አይታ «ቃጫውስ?» አለችኝ። የሆነውን ነገርኳት። ሱሪዬን ተቀብላ ጭቃውን ስታጥብ ዋለች።

ድል አድርገን ተመለስን ብዬ አልዋሽም። የማርታ እናት እንሰት ዛሬም ማዶ ነው። ሊቀመንበሩ ዛሬም ጓድ ነው። አኑሎን ጠመንጃውን ቀምተው አስረውት ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። ይህ ጉዞ እኔን ያስተማረኝ፣ መሬት የሚነጠቀው በአዋጅ ብቻ እንዳልሆነ ነው። እኔ በምሸጠው ዕቃም ይነጠቃል። ሰው ሁሉ ገመዱ እንደሚያጥር እያወቀ ዝም ሲል ነው ተናጋሪው ብቻውን እንሰቱ ውስጥ የሚገኘው። እኔም ካወቁት አንዱ ነበርኩ፤ ኑሮዬ ቃጫ ነው።

በቀደም አንድ ካኪ ኮት የለበሰ ሰው፣ ከሌላ ቀበሌ ነው የመጣው፣ ሱቄ ገብቶ ረጅም ገመድ ጠየቀኝ።

«ለምን ሥራ?»

«ለልኬት።»

«የለኝም» አልኩት።

ገመዱ ከኋላዬ እስከ ጣሪያው ተቆልሏል። እሱም አየው። እኔም ዘወር ብዬ አየሁት፤ ከዚያ ፊቴን መልሼ፣ «የለኝም» አልኩት።