የሚስተር ጎሽ ክለብና የእኔ ትርጉም

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሱቢር ኮል አደረገልኝ። ሱቢር ቶሮንቶ፣ ሪጀንት ፓርክ ውስጥ በምኖርበት ሕንፃ ከእኔ ሁለት ፎቅ በላይ የሚኖር፣ ባንክ የሚሠራ የካልካታ ልጅ ነው። «አንክል፣ ክለቤ ሊጫወት ነው፤ ሻይ አፍልቻለሁ፤ ይምጡ» አለኝ። እዚያ አገሩ ሕንድ ማታ ሲሆን እዚህ ቁርስ ሰዓት ነው። ወጣሁ። ዝንጅብል የበዛበት ሻይና በሽንኩርት፣ በቃሪያ፣ በሰናፍጭ ዘይት የታሸ የፈነዳ ሩዝ አቀረበልኝ።

ቴሌቪዥኑ ገና ማስታወቂያ ላይ ነበር። ሱቢር ስለ እግር ኳስ ክለቡ ሊያስረዳኝ ሲጀምር አቋረጥኩትና እኔው ነገርኩት። የሰፈር ወጣቶች ከመቶ ዓመት በፊት በአንድ ሀብታም ግቢ ውስጥ እንዴት እንዳቋቋሙት፣ በባዶ እግራቸው የሚጫወቱት ልጆች ጫማ ያጠለቁትን የእንግሊዝ ወታደሮች አሸንፈው እንዴት ዋንጫ እንደወሰዱ፣ ክለቡ ባሸነፈ ቁጥር በከተማው የዓሣ ዋጋ እንዴት እንደሚወደድ። ልጁ ማንኪያውን እንደያዘ ቀረ። ከማን እንደሰማሁ ጠየቀኝ። «ከአንድ አስተማሪ» ብዬ አሳጠርኩት። ማሳጠር ደግሞ ልማዴ አይደለም።

የሚያውቁኝ ያውቃሉ፤ እኔ ትምህርት ቤት የተቀመጥኩት አራት ዓመት ብቻ ነው። የቀረውን ራሴን በራሴ አስተማርኩ። እንግሊዝኛን የለቀምኩት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣና ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት ነው። እዚህ ከተማ ሃያ ስድስት ዓመት ታክሲ ስነዳ ካርታ ዘርግቼ አላውቅም። ዲግሪ የደረደሩ ሰዎች የኢሚግሬሽን ፎርማቸውን ይዘው የሚመጡት ወደ እኔ ነበር። ይህን የምለው እውነት ስለሆነ ነው። ግን እውነት ከተባለ፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ታሪኬን ስተርክ ሁልጊዜ የምዘለው አንድ ቦታ አለ።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ጎባ ከተማ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ንብረት ክፍል እሠራ ነበር። ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ጎባን የማያውቅ ሰው ብርድን አያውቅም፤ ቶሮንቶ ስመጣ ሰዉ ስለ ብርዱ ሲያስፈራራኝ የሳቅኩት ለዚህ ነው። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ ጎረቤትህን ይሰውርብሃል፤ መንገዱ ሁሉ የእርጥብ ገብስ ሽታ አለው። በዚያ ብርድ ሁለት ሹራብ ደርበው የሚሄዱ አንድ ቀጭን የሒሳብ አስተማሪ ነበሩን። ሕንዳዊ ናቸው፤ ስማቸው ሚስተር ጎሽ። በአገራቸው የከበረ የቤተሰብ ስም ነው። ለእኛ ግን ከመጀመሪያው ጨዋታ ሆነ። ተማሪ ጥያቄ መልሶ «ጎሽ» ሲባል፣ ተመስግኖ ይሁን አስተማሪው ተጠርተው አይታወቅም ነበር። እሳቸው ቀልዱ አልገባቸውም፤ እኛም አላስረዳናቸውም።

እኔን «ሚስተር ተሾመ» ይሉኝ ነበር። በሕይወቴ መጀመሪያ ሚስተር ያለኝ ሰው እሳቸው ናቸው። ከሥራ በኋላ ንብረት ክፍል መጥተው የጠመኔ ካርቶን ላይ ይቀመጡና እንግሊዝኛዬን ያቃኑልኛል። ሒሳቡ ሲሰለቸን ስለ ክለባቸው ያወራሉ። አባታቸው በዚያ ክለብ የግራ ክንፍ ተጫዋች ነበሩ። ሰው ከሩቅ መንደር በባቡርና በጀልባ መጥቶ፣ ዝናብ እየወረደበት ቆሞ ያያቸው እንደነበር ሲነግሩኝ ድምፃቸው ይቀየራል።

የወላጆች ቀን ሲደርስ ዳይሬክተሩ ስለ ስፖርት አንድ ነገር ይናገሩልን አሏቸው። እሳቸው የክለባቸውን ታሪክ መረጡ። ማን ይተርጉም ሲባል እጄን አወጣሁ። ዲፕሎማ ያላቸው አንድ የእንግሊዝኛ አስተማሪም ነበሩን፤ «ለእኔ ተዉት» አልኩ።

ኳስ ሜዳው በሰው ሞልቷል። መጀመሪያ ያማረ ተረጎምኩ። ባዶ እግር ጫማን ሲያሸንፍ ሕዝቡ ተነሣ። ከዚያ ሚስተር ጎሽ መነጽራቸውን አወለቁና ስለ አባታቸው ጀመሩ። በፍጻሜው ጨዋታ ሳምንት «ማይ ፋዘር ፓስድ» አሉ።

ፓስድ ማለት በጨዋ እንግሊዝኛ «አረፈ» ማለት እንደሆነ ዛሬ ሕፃን ያውቃል። እኔ የማውቀው የኳሱን ፓስ ብቻ ነበር። ድምፄን ከፍ አድርጌ «በፍጻሜው ጨዋታ አባቴ ድንቅ ፓስ ሰጠ» አልኩ። «ድንቅ» የሚለውን የጨመርኩት ከራሴ ነው። ሕዝቡ አጨበጨበ። ሚስተር ጎሽ ደንገጥ ብለው አዩና ቀጠሉ፤ «ጓደኞቹ በክለቡ ባንዲራ ጠቅልለው በትከሻቸው ተሸከሙት» አሉ። ይህንንም ተረጎምኩ። ጭብጨባው ቀለጠ፤ ከኋላ «ጎሽ! ጎሽ!» የሚል ጩኸት ተነሣ። ቀጥለው «ወደ ወንዙ ወሰድነው፤ እሳቱን የለኮስኩት እኔ ነኝ፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ» አሉ።

ያን ጊዜ ገባኝ፤ በአገራቸው ወንዝ ዳር በእሳት የሚሸኘው ሬሳ ነው። ወንዙንና እሳቱን ዋጥኩና «አመሰግናለሁ ብለዋል» ብዬ ዘጋሁት።

ሰዉ ሲበተን ሚስተር ጎሽ መጡና ክንዴን ያዙ።

«ሚስተር ተሾመ፣ የአባቴን ሞት ስነግራቸው ለምን አጨበጨቡ?»

ተሳስቻለሁ ማለት ሁለት ቃል አይሞላም። ግን በዚያ ሰዓት የእንግሊዝኛው አስተማሪ ከአጠገባችን ቆመው ነበር። «በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሲሞት ይጨበጨብለታል» አልኳቸው። «ስሙም ይጠራል።»

ዓይናቸው እንባ ሞላ። እንዲህ ያለ ደግ ልማድ በየትም አገር አልሰማሁም አሉኝ።

ሚስተር ጎሽ የተከራዩት ግራዝማች ደምሴ ግቢ ውስጥ ነበር። ሽማግሌው እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ሚስተር ጎሽ ከአማርኛ ሰላምታ አያልፉም። ሆኖም ማታ ማታ ምድጃ ዳር ተቀምጠው የገብስ ቆሎ አብረው ይበሉ ነበር። ጠዋት ጠዋትም ግራዝማች በእጃቸው ወተት ያመጡላቸዋል። ያ በጋ ሳያልቅ ግራዝማች በድንገት ሞቱ።

ቀብሩ ላይ ከተማው በሙሉ ነበር። ሚስተር ጎሽ የታጠበ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ከፊት ቆመዋል። ካህናቱ ጨርሰው ሬሳው ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ፣ ለአፍታ ሁሉም ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ሚስተር ጎሽ እጃቸውን አነሡና አጨበጨቡ። ባላቸው ኃይል ሁሉ አጨበጨቡ። እንባቸው እየወረደም «ግራዝማች! ግራዝማች!» ብለው ተጣሩ።

ማንም አልተከተላቸውም። ጭብጨባቸው እየቀዘቀዘ ሄደ፤ ግራ ቀኝ አዩ፤ በመጨረሻ እኔን አዩ። እኔ መሬት አየሁ።

የሟቹ ታላቅ ልጅ ኮሌታቸውን ጨመደደ። «አባቴ በመሞቱ ነው ደስ ያለህ?» አለ። ሽማግሌዎች ገቡና አላቀቁት።

በማግሥቱ ዳይሬክተሩ ቢሯቸው አስጠሩን፤ ሚስተር ጎሽን ለጥያቄ፣ እኔን ለትርጉም። «እንዲህ ያድርጉ ያላቸው ማን እንደሆነ ጠይቅልኝ» አሉኝ። ጠየቅኩ። ሚስተር ጎሽ ረጅም ጊዜ አዩኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ከዚያ በቀስታ፣ ለጀማሪ በሚነገር ቀላል እንግሊዝኛ፣ «ማንም አላለኝም። የአገሬ ልማድ ነው። በሐዘን ብዛት የት እንዳለሁ ረስቼ ነው» አሉ።

ተረጎምኩ። በሕይወቴ አንድ ቃል ሳልጨምር፣ አንድ ቃል ሳልቀንስ የተረጎምኩት ያን ቀን ነው።

የግራዝማች ልጆች ቤቱን አስለቀቋቸው። በመንገድ ሲያልፉ የሰፈር ጎረምሳ ከአጥር ጀርባ ያጨበጭብባቸው ጀመር። አንድ ቀን ከጓደኞቼ ጋር ቆሜ ሳለ አለፉ፤ ጓደኞቼ አጨበጨቡ። እኔም እንዳያውቁብኝ ብዬ አጨበጨብኩ። ይህን ለባለቤቴም ነግሬያት አላውቅም።

ዝናቡ ሲጀምር ዝውውር ጠይቀው ሄዱ። ሻንጣቸውን አውቶቡሱ ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ። በመስኮት ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ያን ቀን ሜዳው ላይ ያጨበጨቡት ለአባቴ ነበር?»

«አዎ» አልኳቸው።

ለዓመታት ያንን «አዎ» ደግነት ነው ስል ኖሬአለሁ። ሰውየው ያለችውን አንዲት ነገር ይዞ ይሂድ ብዬ ነው እል ነበር። አሁን ሳስበው ግን ስሜን ለማዳን የተናገርኩት የመጨረሻው ቃል ነው።

ለሱቢር ይህን አልነገርኩትም። ማስታወቂያው አለቀና ተጫዋቾቹ ሜዳው መሐል ክብ ሠርተው ቆሙ። ስክሪኑ ላይ የአንድ ሽማግሌ ፎቶ ወጣ። የክለቡ የድሮ ተጫዋች በሳምንቱ አርፎ ኖሯል። ሱቢር ስኒውን አስቀምጦ ተነሣ፤ የሕሊና ጸሎት ነው ብዬ እኔም ተነሥቼ አንገቴን ደፋሁ። ዳኛው ፊሽካ ነፋ። ስታዲየሙ በሙሉ ማጨብጨብ ጀመረ፤ የሟቹን ስም እየጠራ።

ሱቢርም እያጨበጨበ ዞር አለና «አሁን አሁን እንዲህ ነው የምንሸኛቸው፣ አንክል» አለኝ።

ለአፍታ ደስ ሊለኝ ቃጣው። «አየህ፣ አንተ ከሁሉ ቀድመህ ብለኸው ነበር» የሚል፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሲያሞግሰኝ የኖረ ድምፅ ውስጤ ተነሣ። ግን እዚያ ያለው ሕዝብ አብሮ ነው የሚያጨበጭበው። በዚያ ቀብር ላይ ሚስተር ጎሽ ብቻቸውን ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ሦስት እርምጃ ርቄ፣ ምንም ባልያዙ ሁለት እጆች ቆሜ ነበር።