ወደ ኋላ ጓሮ የሚሄዱት ወፎች

ወይዘሮ መሰለችን ቅናተኛ ናት ያለ ሰው ጉለሌ ውስጥ የሚያምነው አያገኝም ነበር። በማን ትቀናለች? ከቀጨኔ መድኃኔዓለም በታች እንደሷ ግቢ የጸዳ የለም። ጥዱ በገመድ ተለክቶ የተከረከመ፣ ጽጌረዳው በመስመር የቆመ፣ መሬቱ በየማለዳው ተጠርጎ አንድ ቅጠል የማይታይበት ነው። ጽጌረዳዋ ላይ ትል ካየች ፍሊቱን ይዛ ትወጣና ቅጠሉ እስኪንጠባጠብ ትረጨዋለች።

ወፍ ግን አይመጣላትም። ቁራ እንኳ አጥሩ ላይ ትንሽ ተቀምጦ፣ የሚለቅመው ሲያጣ ተነሥቶ ይሄዳል።

ከኋላዋ ሾዴ ባትኖር ይህ ነገር ትዝም አይላትም ነበር። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስ የመሰለች የኋላ ቤት ከነቁራጭ ጓሮው ወደ ቀበሌ ሄደ፤ ቀበሌውም ለሾዴ ሰጣት። ሾዴ ከእንጦጦ ጀርባ የመጣች፣ ሆስፒታል አንሶላ እያጠበች የምትኖር፣ ድምጿ የማይሰማ ሴት ናት። መሰለች ቤቱ የተወሰደባት ጊዜ አልቅሳ አልቅሳ ወጣላት። የጓሮው ነገር ግን ሊወጣላት አልቻለም፤ ሾዴ ጓሮውን አትጠርገውማ።

እንዲያው ተወችው። ግራዋው እንደ ልቡ አደገ፣ ቀጋው አጥሩ ላይ ወጣ፣ እንዶዱ ፍሬውን አንዠረገገ፣ የረገፈው ቅጠል እዚያው በሰበሰ። ከቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ለምና ያመጣችውን የተሰነጠቀ ገንቦ እስከ ወገቡ ቀብራ ውኃ ሞላችበት። ከአገሯ ያመጣችውን ራስ ክምር ደግሞ ግድግዳው ሥር ተከለች። ያ ራስ ክምር አድጎ ብርቱካናማ አበባውን ያወጣ ዕለት፣ ጅራቷ የረዘመ፣ ፀሐይ ሲያገኛት የምታብረቀርቅ ትንሽ ወፍ መጥታ አበባውን ትቀስም ጀመር። እሷን ተከትሎ ንቡ መጣ፣ ቢራቢሮው መጣ፣ ዋኖሶቹ ከገንቦው ሊጠጡ ወረዱ። አንድ እስስት እንኳ ግራዋው ላይ ጎጆውን የቀለሰ ይመስል እዚያው ይውላል።

መሰለች ይህን ሁሉ በኩሽናዋ መስኮት ታያለች። ግንቡ የኔ፣ መሬቱ የኔ፣ ወፉ የሷ፤ እያለች አንጀቷ ያርራል። እሷም አላረፈችም። ከጽጌረዳው ሥር ስንዴ በተነች፤ አይጥ መጣ። አዲስ ሳህን ገዝታ ውኃ አኖረች፤ የጎረቤት ድመት ጠጥቶ ሄደ። ሾዴን «እንዴት አድርገሽ ነው?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ ከሞት የሚከፋ ነገር ነው።

ይባስ ብሎ ባሏ አቶ ኢታና ከማተሚያ ቤት ጡረታ ወጣና መዋያውን እዚያ አደረገው። ምሳውን በልቶ ወንበሩን ያነሣል፣ ወደ ኋላ ይዞራል። ሠላሳ ዓመት አብረው ሲኖሩ ጽጌረዳዋን አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብሎ አይቶላት አያውቅም። በጥቅምት አንድ ከሰዓት እንደ ልጅ ፊቱ በርቶ ገባ።

«አንቺ፣ ጅራታሟ ቀጋው ውስጥ እንቁላል ጥላለች። ሁለት ነው። ነይ እይ።»

«ሥራ አለብኝ» አለች መሰለች። ሥራ አልነበረባትም።

በዚያው ሳምንት የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። የጽዳት ኮሚቴው ሰብሳቢ ጓድ ግዛቸው «አስተያየት ያለው» ሲል የመሰለች እጅ ብድግ አለ። የኋላው ጓሮ ጫካ ሆኗል፣ የትንኝ መራቢያ ነው፣ ነገ እባብ ቢገባ ማን ይጠየቃል? ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። እንዲያውም ስትቀመጥ ቀለል ብሏት ነበር።

እሑድ የኮሚቴው ሰዎች ገጀራና ማጭድ ይዘው መጡ። መሰለች መጋረጃዋን ስባ ቆመች። ግራዋው ወደቀ፣ እንዶዱ ተጎተተ፣ ቀጋው ከነጎጆው ተቆረጠ፣ ገንቦው ተሰባበረ። ደስ ይለኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ለጥቂት ጊዜም ደስ አላት። ከዚያ ጅራታሟ ወፍ ተመልሳ ቀጋው የነበረበት ባዶ አየር ላይ እየተርገበገበች ስትዞር አየችና መጋረጃውን ለቀቀችው። ኢታና ወንበሩን ይዞ ገባ። ጥግ አስደግፎት ተኛ፤ ራት ቢሉትም አልተነሣም።

በማግስቱ ከሰዓት በር ተንኳኳ። ሾዴ ናት፤ በልብስ ማጠቢያ ሳፋዋ ከነሥሩ የተረፈ ራስ ክምር፣ የቀጋ ቁራጭና የግራዋ ችግኝ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች።

«እትዬ መሰለች፣ እርስዎ ግቢ ልትከላቸው? እኔ ጋ ኮሚቴዎቹ ሁለተኛ እንዳበቅል አይተዉኝም።»

«እኔ ጋስ ሊቆርጡ ቢመጡ?»

«እርስዎ ላይ አይመጡም። የእርስዎን ግቢ ቀበሌ ሄዶ የሚናገር የለም።»

የመሰለች ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። «ምን ማለትሽ ነው?»

«ምንም። የእርስዎን ግቢ የማየው እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ደግሞ አልናገርም።»

ሾዴ ይህን ስትል ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ የከበዳትን ሳፋ ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረች እንጂ። መሰለች ገብታ ዶማ አመጣች። ከጽጌረዳው መስመር ሁለቱን ነቀለች። ሾዴ ተንበርክካ ጉድጓዱን በእጇ ለካች፣ ጠለቅ ይበል አለች፣ መሰለችም አጠለቀችው። ገና አፈሩን ሳይመልሱ ጅራታሟ ወፍ ከጥዱ ላይ ወርዳ ከሾዴ ትከሻ አንድ ክንድ ርቀት ላይ አረፈች። መሰለች ቀና ብትል በረረች።

ሾዴ «ትለምድዎታለች» አለቻት።

መሰለች እጇ አፈር ውስጥ እንዳለ የሾዴን ፊት አየችው። ያን ሁሉ ቆርጠውባት ሌሊቱን በሰላም ተኝታ ያደረች ሰው ፊት ነው። መሰለች ግን ዓይኗን ሳትከድን ነው ያደረችው። እዚያው ጎንበስ እንዳለች፣ ከምንጊዜውም በላይ በሾዴ ቀናች።